ፍሬው እስኪቀላ፦ ስድስት ቀን በይርጋጨፌ

ሐሙስ፣ ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ ከአዲስ አበባ ዲላ

ከቃሊቲ መናኸሪያ ስንነሳ ገና ጎህ አልቀደደም። ሚኒባሱ እስከ ሐዋሳ 600 ብር ያስከፍል ነበር፤ ሻንጣዬን ከላይ ለጫነው ልጅ 50 ብር ጨመርኩ። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ይርጋጨፌ ውስጥ በአንድ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ባለሙያ ሆኖ መሥራት ከጀመረ አምስት ዓመት አልፎታል። በየዓመቱ "የለቀማው ጊዜ ሳያልፍ ና" ይለኛል፤ በየዓመቱም የተማሪ ፈተና እርማት ይይዘኛል። ዘንድሮ ፈቃድ ጠይቄ ተነሳሁ።

ቡና እያየሁ ነው ያደግኩት። የተወለድኩት ጣና ዳር፣ ዜጌ ነው። እዚያ ቡናው የሚበቅለው በገዳማቱ ደን ውስጥ ነው። በበሬ ማረስ ከጥንት ጀምሮ ክልክል ስለሆነ ሰዉ የሚኖረው በቡናና በጌሾ ነው። ቡናውም ጌሾውም ከአቡነ በትረ ማርያም መቋሚያ በቀለ እየተባልን ነው ያደግነው። አባቴ ቡናውን ለቅሞ ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ያሰጣዋል፤ ሲደርቅ ጀንፈሉን፣ ከነቅርፊቱ የደረቀውን ቡና፣ በታንኳ ባሕር ዳር ወስዶ ይሸጠዋል። የይርጋጨፌ ስም በየአገሩ ሲጠራ እየሰማሁ የእኛ ቡና ባሕር ዳር ገበያ ላይ ተወስኖ የቀረበት ምክንያት ከልጅነቴ ጀምሮ ይከነክነኝ ነበር።

ሐዋሳ ድረስ የሚነገር ነገር አልገጠመንም። ጾመ ነቢያት ስለሆነ ምሳዬን ሽሮና ጥቅል ጎመን በልቼ 140 ብር ከፈልኩና ወደ ዲላ የሚሄድ ሌላ ሚኒባስ ያዝኩ። ከአፖስቶ በኋላ አገሩ መልኩን ይለውጣል። መንገድ ዳር አናናስ እንደ እንጨት ተደርድሯል፤ ከየቤቱ ጀርባ እንሰት ይታያል። ሦስት አናናስ በ100 ብር ገዛሁ። ጩኮን እንዳለፍን የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ትርፍ ጎማ ነበረን፤ ክሪክ ግን አልነበረም። ሾፌሩ መኪና ሁሉ እያስቆመ ክሪክ ሲለምን አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ።

ያ ጊዜ ግን በከንቱ አልጠፋም። አጠገባችን አንድ ሰውዬ ከልጆቹ ጋር የጫት እስር በእንሰት ቅጠል ይጠቀልላል። ሰላም ብዬው ተቀመጥኩ። ከጎኑ ያለው ማሳ ላይ የተነቀሉ የቡና ግንዶች ተከምረዋል፤ ሥራቸው ገና አፈር አለው። ለምን እንደነቀለው ስጠይቀው አልተቆጣም። "ቡና በዓመት አንዴ ነው የሚሸጠው። ልጄ የታመመ ቀን ግን ይሄን ቆርጬ እሄዳለሁ" አለኝ። ወዲያው አንድ አይሱዙ አቧራውን እያስነሳ መጥቶ ቆመ። እስሩ ተጫነ፣ ብሩ ተቆጠረ፣ መኪናው በረረ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አባቴ የቡናውን ገንዘብ ሲጠብቅ የኖረባቸው ወራት ትዝ አሉኝ።

ዲላ የደረስነው ከመሸ ነው። 700 ብር የከፈልኩበት ክፍል ንጹሕ ነው፤ ውኃው ግን በባልዲ ነው የመጣልኝ።

አርብ፣ ኅዳር 27፤ ይርጋጨፌ

ከዲላ በወናጎ በኩል ይርጋጨፌ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ አንድ ዋና መንገድ፣ በግራና ቀኝ ሱቅ፣ ባጃጅ፣ ብዙ ጭቃ። ጀበና ቡና 10 ብር ነበር፤ አዲስ አበባ እኛ ሰፈር 20 ገብቶ ነበር። ጠጣሁትና ዝም አልኩ። ጓደኛዬ ፊቴን አይቶ ገባው። ለውጭ ገበያ የሚሆነው ቡና አገር ውስጥ እንዲሸጥ ያን ጊዜ ስለማይፈቀድ፣ እዚሁ በተለቀመበት ከተማ ጀበና ውስጥ የሚገባው ከደረጃ በታች የወጣው ነበር። ይህን ባውቀውም እዚያ ተቀምጦ መቅመሱ ያሳዝናል።

ከከተማው ወደ ቀበሌው በሞተር ሳይክል ወጣን። መንገዱ ቀይ አፈር ነው፤ ሌሊቱን ጤዛ ስላረጠበው ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተና በእግራችን ገፋነው። ጭጋጉ ሲገለጥ በሁለቱም በኩል ጥቅጥቅ ያለ ደን ታየኝ። "ደኑ የማን ነው?" አልኩ። ጓደኛዬ ሳቀና በጣቱ አሳየኝ፤ ከዛፎቹ መሃል ጭስ እዚህም እዚያም ይወጣል። ሁሉም የሰው ጓሮ ነው። ጌዴኦ ከአገራችን ገጠሮች ሁሉ ሕዝብ እጅግ ከተጠጋጋባቸው አንዱ ነው፤ ከሩቅ የሚያየው ግን ሰው ያልደረሰበት ጫካ ይመስለዋል።

ወደ ውስጥ ሲገቡ ደኑ ፎቅ አለው። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራና ሳሳ ጥላ ይጥላሉ። ከሥራቸው እንሰቱ ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቷል። ከእንሰቱ መሃል ቡናው ነው፤ መሬቱ ላይ ጎደሬና ጎመን። የዋንዛና የብርብራ ቅጠል ረግፎ ይበሰብሳል፤ እሱ ነው ማዳበሪያው። ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከትክል ድንጋዮቹ ጋር ይህንን የጓሮ እርሻ ጭምር ነው የመዘገበው። እውነትም ይገባዋል። ዜጌ ያለው ደን የቆመው በገዳም ሕግ ነው፤ ይሄኛውን ያቆመው ጓሮው ውስጥ የሚኖረው ገበሬ ራሱ ነው።

ያረፍኩት በማኅበሩ አባል በሆኑ አንዲት እናት ቤት ነው። ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸው ሐዋሳና ዲላ ናቸው። መሬታቸው ግማሽ ሄክታር አይሞላም። አማርኛ ጥቂት ይሰማሉ፤ የቀረውን ጓደኛዬ ከጌዴኡፋ ይመልስልኛል። ቤት እንደገባሁ "ልጄ፣ ጾመኛ ነህ አሉ" ብለው ቆጮውን ያለ ቅቤ፣ ከጎመንና ከሚጥሚጣ ጋር አቀረቡልኝ። እሳቸው ፕሮቴስታንት ናቸው፤ የእኔን ጾም ግን ከእኔ ይልቅ ተጠነቀቁለት። ለእኔ የተዘጋጀው ማሰሮ ቅቤ ነክቶት እንዳይሆን ሁለት ጊዜ አጥበውታል።

ከሰዓት በኋላ ለቀማ ወጣን። አንድ ቅርንጫፍ ስበው አሳዩኝ። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ደም የመሰለ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ፍሬ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጧል። ቀዩን ብቻ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዘው ጠምዘዝ ያደርጉታል፤ ትክ ይላል፣ ጉጡ ግንዱ ላይ ይቀራል። እኔ በዜጌ ልማዴ እጄን ቅርንጫፉ ላይ አሳልፌ ጭልፍ ሳደርግ እጄን ያዙኝ። ቅርፊቱ ተልጦ ነበር። "እንዲህ ካቆሰልከው ለከርሞ ምን ይሰጥሃል?" አሉ። አንዱን ዛፍ በአንድ ወቅት ሦስት አራት ጊዜ ተመላልሰው ነው የሚለቅሙት።

ዛፎቹን በስም ያውቋቸዋል። ይሄ ኩሩሜ ነው፣ ፍሬው ደቃቃ ነው፤ ያ ወሊሾ፣ ቁመቱ ረጅም ፍሬው ትልቅ፤ ያኛው ደጋ። ከጓሮው ጥግ ደግሞ ቁጥር እንጂ ስም የሌላቸው ችግኞች አሉ፤ 74110 እና 74112። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ከገባ በኋላ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ከደን ቡና መሃል በሽታውን የሚቋቋሙትን የመረጠው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ዓመቱን ይናገራሉ። ጥቂት ያረጁ ግንዶች ከጉልበት በታች ተጎንድለዋል። የተጎነደለ ቡና እንደገና እስኪያፈራ ሁለት ዓመት ያህል ይጠበቃል። ጓደኛዬ ገበሬውን ለማሳመን ከሁሉም በላይ የሚቸገረው በዚህ ነው፤ እኚህ እናት ግን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየጎነደሉ ጓሯቸውን አድሰዋል።

እንዴት መጠበቅ እንደቻሉ ጠየቅኳቸው። መልሳቸውን እስካሁን አልረሳሁትም። ከእንሰቱ ሥር ያለውን በቅጠል የተሸፈነ ጉድጓድ በእግራቸው ነካ አደረጉና "እዚህ ቆጮ አለኝ። አረንጓዴ የሚለቅም የራበው ነው" አሉ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28፤ ማጠቢያው

ቀኑ የለቀማ ነው፤ የማኅበሩ ቡና ማጠቢያ የሚነቃው ሲመሽ ነው። ወደ 10 ሰዓት ገደማ ሰዉ ጆንያውን በራሱ፣ በአህያ፣ በሞተር እያመጣ በሩ ላይ ተሰለፈ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የዕለቱ ዋጋ ተጽፏል፦ 80 ብር በኪሎ። ከበሩ ውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የግል ሰብሳቢዎች ሚዛናቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። እነሱ 85 ይላሉ፤ ቀይ ይሁን አረንጓዴ አይጠይቁም።

ማኅበሩ ግን ይጠይቃል። እሸቱ፣ ማለትም የተለቀመው ትኩስ ፍሬ፣ ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት ምንጣፍ ላይ ይፈስሳል። ባለቤቱ ተንበርክኮ አረንጓዴውን፣ የደረቀውንና በሽታ የነካውን ይለቅማል። አንድ ጎልማሳ ግማሽ ጣሳ ያህል አረንጓዴ ሲወጣበት ተቆጣና ከተቆጣጣሪው ጋር ተነጋገረ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። በመጨረሻ የወጣውን በፌስታል ይዞ፣ የቀረውን አስመዝኖ፣ ካርኒውን ተቀብሎ ሄደ። ተቆጣጣሪው የአጎቱ ልጅ ነው። እዚህ ያለው ሥራ ክብደቱ እዚያ ላይ ነው፤ የጎረቤትህን፣ የዘመድህን ፍሬ "አይሆንም" ማለት።

ከሚዛን በኋላ እሸቱ ውኃ ወዳለበት ገንዳ ይገባል፤ ባዶውና የተበላው ይንሳፈፋል፣ ይገፈፋል። ከዚያ መፈልፈያው። ክብ ብረቶቹ ሲዞሩ ልጣጩ በአንድ በኩል፣ ፍሬው በሌላ በኩል ይተፋል። ፍሬው ገና ዝልግልግ ለብሶ ከእጅ ያመልጣል፤ አንዱን ጎረስኩት፣ ይጣፍጣል። ውኃው በቦይ እየገፋ ሲወስደው ከባዱ ይዘቅጣል፣ ቀላሉ ያልፋል፤ ደረጃው እዚያው ይለያል። ከባዱ ወደ ማብላያ ገንዳ ይገባል። በቅዝቃዜው ምክንያት እዚህ ከአንድ ቀን ተኩል እስከ ሁለት ቀን ይቆያል።

ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ጄኔሬተሩ ተንተፋተፈና ቆመ። ናፍጣ አልቋል። ከተማ ውስጥ ካለ ሰነባብቷል፤ ጠዋት ተሰልፎ የነበረው ልጅ ባዶ ጀሪካን ይዞ ተመልሶ ነበር። ገና ያልተፈለፈለ እሸት ከመፈልፈያው አፍ ላይ ተቆልሏል። እሸት በተለቀመበት ሌሊት ካልተፈለፈለ ይሞቃል፤ ከሞቀ ይቦካል፤ የቦካው ከጥሩው ከተቀላቀለ የሁሉም ድካም ይበላሻል። እጄን ክምሩ ውስጥ ከተትኩ፤ እውነትም ውስጡ ለብ ማለት ጀምሯል። ሰዉ ሁሉ የማኅበሩን ሊቀመንበር ያያል። ሊቀመንበሩ ኮታቸውን ደርበው በጨለማው ሄዱና ከአንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት 20 ሊትር ተበድረው መጡ። ጀሪካኑን ከትከሻቸው ሲያወርዱ ወጣቶቹ በጭብጨባ ተቀበሏቸው። መፈልፈያው እስከ 9 ሰዓት ሠራ።

ያን ጊዜ ጓደኛዬ ባትሪውን ይዞ ከትናንት በስቲያ ወደገባው ቡና ወሰደኝ። ክንዱን እስከ ክርኑ ገንዳው ውስጥ ከትቶ አንድ እፍኝ አወጣና በመዳፉ አሸው። ድምፅ አለው፤ የወንዝ ጠጠር ሲፋጭ የሚሰማው ዓይነት። "ደርሷል" አለ። ዝልግልጉ ሲለቅ ነው እንደዚያ የሚጮኸው። አንድ ሰዓት ቢዘገይ ይኮመጥጣል፤ ቢቸኩል አይለቅም። ስልኩ ላይ ሰዓት ሞልቷል፤ ግን የሚያምነው እጁን ነው። ጎህ ሲቀድ ወጣቶቹ በረጅም የእንጨት መግፊያ እየዘፈኑ ቦዩ ውስጥ አጠቡት።

ስለ ውኃውም ልናገር። ከቡና ማጠቢያ የሚወጣ ውኃ ጎጂ ነው፤ በቀጥታ ወንዝ ከገባ ውኃው ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ከብትም አይጠጣው። በፊት እዚህም እንደዚያ ነበር አሉ። አሁን ውኃው ተመልሶ ለመግፊያ ያገለግላል፤ የመጨረሻው በተከታታይ ጉድጓዶች አልፎ ቬቲቨር ሣር የተተከለበት መስክ ላይ ይሰርጋል። ልጣጩ ደግሞ ተከምሮ ይብላላና ገበሬው በጆንያ ወደ ጓሮው ይመልሰዋል። ታች ያለውን ወንዝ ሄጄ አየሁት፤ ሴቶች ልብስ ያጥቡበታል።

እሑድ፣ ኅዳር 29፤ ዕረፍት

እስከ 4 ሰዓት ተኛሁ። እናቲቱ ከጸሎት ሲመለሱ ቡና ቆሉ፤ ከራሳቸው ጓሮ፣ በጀንፈል ደርቆ በእጅ የተፈለፈለ። ጢሱ ቤቱን ሲሞላው እናቴ ቤት የተቀመጥኩ መሰለኝ። የአርቡን የከተማ ቡና ይህ ካሰልኝ። ወይን የሚመስል፣ አፍ ውስጥ የሚቆይ ጣዕም አለው።

ቡናው ላይ ስለ 2010 ዓ.ም. አወሩ። ያን ዓመት ከምዕራብ ጉጂ የተፈናቀሉ ዘመዶቻቸው 11 ሆነው መጥተው፣ በዚህ ቤት ስምንት ወር ተቀምጠዋል። "ምን ሰጡአቸው?" አልኩ። በመስኮት ወደ እንሰቱ አመለከቱ። ያን ዓመት ያለ ጊዜው የተቆረጠው እንሰት ቦታ ገና አሁን ነው የተሞላው።

ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ከወናጎ ወጣ ብሎ ትክል ድንጋዮች ወዳሉበት ቱቱ ፈላ ወሰደኝ። ባጃጁ ከእነ መመለሻው 600 ብር ጠየቀ። ፊት የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ሣር ውስጥ ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ ዘመዋል። የሚጠብቁት ሽማግሌ እየዞሩ አሳዩን። ማን እንዳቆማቸው ሲጠየቁ ሰማይ አዩና "ከእኛ በፊት የነበሩ" አሉ።

ሰኞ፣ ኅዳር 30፤ አልጋዎቹ

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ማድረቂያው ዘንድ ነበርኩ። ከመሬት እስከ ወገብ ከፍ ያሉ የሽቦ ወንፊት አልጋዎች ተረተሩን ይዘው ተዘርግተዋል። ከታች አየር ይገባል፣ ከላይ ፀሐይ ያገኘዋል። አባቴ መሬት ላይ ያሰጣው የነበረውን ቡና አስታወስኩ፤ ዶሮ ይጭረዋል፣ አፈር ይይዛል፣ ከሥሩ ይታፈናል። ልዩነቱን ለማየት አንድ አልጋ ይበቃል።

በየአልጋው ግራና ቀኝ ሴቶች ቆመው ይለቅማሉ። አንዷን ወጣት ለረጅም ጊዜ አየኋት። ዓይኗ ከእጇ ይቀድማል። ነጭ ሽፋኑን የለበሰው እርጥብ ፍሬ በሺህ ተዘርግቶ እያለ፣ የተሰነጠቀውን፣ የጠቆረውን፣ ልጣጭ የያዘውን ትለይና በሁለት ጣቷ አንስታ ወገቧ ላይ በታሰረችው ጣሳ ትጥላለች። በየጊዜው መዳፏን ዘርግታ ቡናውን እንደ ሊጥ ታስተካክለዋለች። ያየችውን እንድታሳየኝ ለመንኳት። አንድ ፍሬ መዳፌ ላይ አደረገች፤ ጥሩ መሰለኝ። ገልብጣ አሳየችኝ፤ መፈልፈያው የጫረው ቀጭን መስመር አለው። ይህቺ አንዲት ፍሬ ስኒ ውስጥ እንደምትታወቅ ነገረችኝ። ፀሐይ ስትበረታ ቡናው ይሸፈናል፣ ሽፋኑ እንዳይሰነጠቅ፤ ሲበርድ ይገለጣል፤ ማታ ለጤዛ እንደገና ይሸፈናል። እንዲህ እየተደረገ ከ10 እስከ 12 ቀን፣ እርጥበቱ 11 በመቶ አካባቢ እስኪደርስ።

ረፋድ ላይ ከሊቀመንበሩ ጋር ተቀመጥን። በ1994 ዓ.ም. የዓለም ዋጋ ወድቆ የእሸት ኪሎ አንድ ብር ያልሞላበትን ጊዜ ያስታውሳሉ። ቡና የነቀለ ያን ጊዜ ነቀለ። የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የተቋቋመውም በዚያው ዓመት ነው፤ በአካባቢው ያሉ መሠረታዊ ማኅበራት ቡናቸውን ሰብስበው በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲልኩ። አሁን በዓመቱ መጨረሻ ማኅበሩ ከተጣራ ትርፉ 30 በመቶውን ለመጠባበቂያ ያስቀራል፤ የቀረው እያንዳንዱ አባል ባስገባው ኪሎ ልክ ይከፋፈላል። ለዚህ ነው ካርኒው የሚቀመጠው። እናቲቱ ካርኒዎቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ጋር ነው ያኖሩት።

"ችግራችሁ ምንድን ነው?" አልኩ። "ዛሬን ተመልከት" አሉኝ። የግዢ ብድሩ ከባንክ ይለቀቃል ተብሎ ሳምንት አልፏል፤ ካዝናው ውስጥ ያለው ለዛሬ ማታ እንኳ አይበቃም። ሰሌዳው ላይ ያለው ዋጋ ተደምስሷል። ማዶ ያሉት ሰብሳቢዎች ይህን ሰምተዋል፤ 85 የነበረው 78 ሆኗል። ማኅበሩ በሚገዛበት ቀን ሰብሳቢም ይጨምራል፤ ማኅበሩ ባዶ በሆነበት ቀን ይቀንሳል። በዓይኔ አየሁት፤ ከጠዋት እስከ ቀትር። እኔ የማኅበርን ጥቅም ከዓመት መጨረሻው ክፍፍል ጋር ብቻ አያይዤ አስብ ነበር። አባል ያልሆነው ገበሬ ጭምር የሚያገኘው ዋጋ ያ ጥቁር ሰሌዳ ላይ መንጠልጠሉን እዚያ ቆሜ ነው የተረዳሁት። ዜጌ ሰሌዳ አልነበረንም። አባቴ ታንኳውን አስሮ ሲወርድ ነጋዴው ያለውን ነው የሚቀበለው፤ መልሶ ወደ ቤት ሊቀዝፍ አይችልማ።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ወጣቶች ስልክ ይዘው ጓሮ ለጓሮ ሲዞሩ አብሬያቸው ሄድኩ። የአውሮፓ ኅብረት ባወጣው ሕግ መሠረት ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና እዚያ ገበያ አይገባም። ያን ጊዜ ሕጉ የሚጀመርበት ጊዜ እንዲራዘም ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ወጣቶቹ ግን ማሳዎቹ ያሉበትን ቦታ በስልክ መመዝገባቸውን ቀጥለው ነበር። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የመገኛ ነጥብ ይበቃ ነበር። ወጣቱ ከእናቲቱ ዋንዛ ሥር ቆሞ ስልኩ ሳተላይት እስኪያገኝ ጠበቀ፤ ጥላው ጥቅጥቅ ስላለ ቶሎ አልያዘም። እሳቸው አጠገቡ ቆመው "ዛፌን ነው የሚቆጥረው?" ብለው ጠየቁ። ሕጉን አልቃወምም፤ ደን እየተጨፈጨፈ የሚሸጥ ቡና መከልከል አለበት። ግን ይህ ሥራ ወጪ አለው፤ ስልኩ፣ የወጣቶቹ አበል፣ መዝገቡ። ያን ወጪ ዛፉን ለዘመናት ያቆየው ገበሬ ብቻውን ሊሸከመው አይገባም።

10 ሰዓት ላይ ሰማዩ በድንገት ጠቆረ። በኅዳር መጨረሻ እንዲህ ያለ ዝናብ ያልተለመደ ነው። አንድ ሰው ጮኸ፤ ሚዛን ላይ ያለው፣ ጥበቃው፣ መንገድ ላይ የሚያልፈው ሁሉ ወደ አልጋዎቹ ሮጠ። እኔም የላስቲኩን አንድ ጫፍ ያዝኩ፤ በሌላው ጫፍ ጠዋት ያየኋት ወጣት ነበረች። ነፋሱ ላስቲኩን እንደ ሸራ ነፋው፤ ሁለቴ ከእጄ አመለጠ። ዳር ያሉ ሦስት አልጋዎች ረጠቡ። የረጠበው ቡና ብቻውን ተለይቶ ተመዘገበ፤ ከሌላው ጋር አይቀላቀልም። አንድም ሰው "ማን ያውቃል" አላለም።

ያን ቀን እናቲቱ ለቀማ አልወጡም። ዛፋቸው ላይ ቀይ ፍሬ አለ፤ ለ78 ብር ለሰብሳቢ መስጠት አልፈለጉም። ስንት ቀን ሊቆይ እንደሚችል ጓደኛዬን ጠየቅኩት። "ጥቂት ቀን። ከዚያ ይጠወልጋል፣ ይረግፋል" አለኝ። እሳቸው ቆጮ እየጋገሩ ነበር።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1፤ መመለስ

ሲነጋ ተነሳሁ። እናቲቱ ሁለት ኪሎ ያህል ጀንፈል በጨርቅ ቋጥረው "ለእናትህ" አሉኝ። ገንዘብ ልሰጣቸው ብሞክር ተቀየሙኝ፤ ጉንጫቸውን ስሜ ተሰናበትኩ።

ከዲላ ሐዋሳ፣ ከሐዋሳ አዲስ አበባ። ባቱ ላይ ሻይ ስንጠጣ ስልኬን ከፈትኩ። በዚያው ቀን በኒውዮርክ ገበያ የአረቢካ ቡና ዋጋ እ.ኤ.አ. በ1977 የነበረውን ክብረ ወሰን አልፏል ይላል። ዜናውን ለጓደኛዬ ላክሁለት። መልስ አልሰጠም።

ማታ 3 ሰዓት ላይ፣ ቤት ገብቼ እግሬን ስታጠብ ደወለ። ከበስተጀርባው የመፈልፈያው ድምፅ ይሰማል፤ እየጮኸ ነው የሚያወራው። ገንዘቡ 7 ሰዓት ላይ ገብቷል። ሰሌዳው ላይ 88 ተጽፏል፤ ማዶ ያሉትም 90 ብለዋል። ሰልፉ እስከ ዋናው መንገድ ደርሷል። ስለ እናቲቱ ጠየቅኩት። ከልጅ ልጃቸው ጋር ቀኑን ሙሉ ሲለቅሙ ውለው 12 ሰዓት ላይ በአህያ አመጡ አለኝ።

"ስንት ኪሎ?"

"61። አንድም አረንጓዴ አልወጣባቸውም።"